አዲስ ታካሚ የሚቀበሉት ሟች

ጥር 4 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለሐኪሟ፤

ከሰላምታ በፊት ክስ አለኝ። ባለፈው ደብዳቤሽ መጀመሪያ አክስትሽን፣ ቀጥሎ የአክስትሽን ጉልበት፣ ከዚያ ድመቷን፣ በመጨረሻ እኔን ሰላም ብለሻል። ጉልበት ከእኔ ይቀድማል? አርባ ዓመት ሊፍት ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ማን ከማን በላይ እንደሚቆም አውቃለሁ። አክስትሽ ደብዳቤውን ጮክ ብላ ካነበበችው ወዲህ ድመቷ የምትተኛው ወንበሬ ላይ ነው። ይህ በደል እስኪካስ ድረስ የቀረውን አላነብም ብዬ ነበር፤ ግን አነበብኩት። ሦስት ጊዜ።

ለምን እንደማልደውል ጠይቀሻል። አንደኛ፣ የሊፍት ሞተር ጆሮዬን በልቶታል። ሁለተኛ፣ አንቺ በስልክ «ደህና ነኝ ጋሼ» ብለሽ ትዘጊያለሽ፤ ወረቀት ላይ ግን ከልጅነትሽ ጀምሮ መዋሸት አይሆንልሽም።

የውሉን ቅጂ መነጽሬን በመነጽር ላይ ደርቤ አየሁት። እኔ ትምህርት ቤት የቆየሁት ማባዛት እስኪያስተምሩኝ ነው፤ ማካፈሉን ከኑሮ ተማርኩ። ውል ማንበብ ግን ከሊፍት አስመጪዎች ነው የተማርኩት። ትልቁ ፊደል ለሚፈርመው፣ ትንሹ ለሚያስፈርመው ነው። የመድን ድርጅትሽ አርማ የተዘረጋ መዳፍ ነው፤ የሚሰጥ ይሁን የሚቀበል እስከ ዛሬ አልለየልኝም። ከእንግዲህ «መዳፉ» እላቸዋለሁ፤ ስማቸውን ጽፌ እስክሪብቶዬን አላደክምም። ዋና መሥሪያ ቤታቸው ከቤቴ አራት ፌርማታ ነው። ሊፍታቸውን አሥራ አንድ ዓመት ጠግኛለሁ። እዚያ ቤት ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣውን ሁሉ አይቻለሁ፤ አብዛኛው ባዶ ቦርሳ ነው።

«ውልዎ በአንቀጽ 14.2 መሠረት ያለ ምክንያት በዘጠና ቀን ውስጥ ይቋረጣል።» ያለ ምክንያት! ሰው ውሻውን እንኳ ሲያባርር ጫማ በላ ይላል። እነዚህ ምክንያት ማሰብ ደክሟቸው፣ መድከማቸውን አንቀጽ አድርገው ቁጥር ሰጡት። አሥራ አንድ ዓመት ያከምሻቸው የድንጋይ ፋብሪካ ሠራተኞች መድናቸው መዳፉ ብቻ እንደሆነ ጽፈሻል። ከመጋቢት 20 በኋላ አንቺ ጋ ቢመጡ አይሸፈንላቸውም፤ ቀጣዩ የሳንባ ሐኪም ደግሞ የአንድ ቀን ሙሉ አውቶቡስ ነው። በዚያ ሳንባ።

አሁን ዓይንሽን ክፈቺ። ከ14.2 በታች፣ የጉንዳን እግር በምታህል ፊደል፣ 14.4 አለች። በአንድ ከተማ ውስጥ በሙያው ብቸኛ የሆነን ሐኪም ያለ ምክንያት ማሰናበት አይቻልም ትላለች። እዚያ ካንቺ ሌላ የሳንባ ሐኪም አለ? የለም። እንግዲህ ይግባኝ በያቸው።

ግን ምን አድርገሻቸው ነው? ይህቺን ዘለሻታል።

አጎትሽ፣ ከጉልበት ቀጥሎ

*

ጥር 15 ቀን

ለጋሼ፤

በመጀመሪያ እርስዎን፣ ቀጥሎም እንደገና እርስዎን፣ ከብዙ ርቀት በኋላ አክስቴን ሰላም እላለሁ። ድመቷን ዘልያታለሁ። ይህ ለዚህ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ እንዳይለመድ።

ምን እንዳደረግኳቸው ጠይቀዋል። በይፋ ያሉኝ ነገር የለም፤ ያለ ምክንያት ነውና። ደብዳቤው ከመምጣቱ በፊት ግን አንድ ሠንጠረዥ ልከውልኝ ነበር። አማካይ ሐኪም አንድን ሕመምተኛ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ይጨርሳል፣ እኔ ሠላሳ አንድ ይፈጅብኛል ይላል። «ይጨርሳል» የእነርሱ ቃል ነው። እኔም ሕመምተኛን በአሥራ ሁለት ደቂቃ መጨረስ አያቅተኝም፤ መንገዱ ብዙ ነው።

ደቂቃው የሚሄደው ኮሪደር ላይ ነው። ክሊኒካችን ሰባት በር ያለው ኮሪደር አለው። ሕመምተኛው ከመጀመሪያው በር እስከ ሰባተኛው እየተራመደ ያወራኛል፤ እኔ ከጎኑ እሄዳለሁ፤ ወሬው የትኛው በር ላይ እንደሚቆረጥ እመዘግባለሁ። ሰው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሲጠየቅ ደህና ነኝ ይላል። ኮሪደሩ ላይ ግን ትንፋሹ ያጋልጠዋል። ይህን ያስተማሩኝ ክሊኒኩን ያወረሱኝ ሽማግሌው ሐኪም ናቸው። «ጡሩንባ» የምንለው ድንጋይ ጠራቢ አለ፤ ሲተነፍስ ከበሩ ውጭ ይሰማል፣ ስሙንም ያወጣው ራሱ ነው። ዓምና ሰባተኛው በር ደርሶ ቀልዱን ይጨርስ ነበር። ዘንድሮ ቀልዱ አምስተኛው በር ላይ ይቆማል፤ እኔም አብሬው ቆሜ ቀሪውን እጠብቃለሁ። ለዚህ በቅጻቸው ላይ ሳጥን የለም።

እንዳሉኝ 14.4ን ጠቅሼ ይግባኝ አልኩ። የመለሱልኝን ልገልብጥልዎ፦ «በከተማው ሌላ በሥራ ላይ ያሉ የሳንባ ስፔሻሊስት በዝርዝራችን ስለሚገኙ አንቀጹ አይመለከትዎትም።» ከሥር ስም አለ። ሽማግሌው ናቸው።

ጋሼ፣ ሽማግሌው ከሞቱ አራት ዓመታቸው ነው። የሞት ማስረጃቸው ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ይህንኑ ጻፍኩላቸው። መልሳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ሐኪም ከዝርዝር የሚሰረዘው ራሱ ፊርማውንና መታወቂያውን አያይዞ በጽሑፍ ሲጠይቅ ብቻ ነው።»

አሁን ምን እያሰቡ እንደሆነ አውቃለሁ። እዚህ ሆኜ ሳቅዎ ይሰማኛል። እባክዎ እጅዎን ይሰብስቡ። የይግባኝ ኮሚቴው መጋቢት 5 ይቀመጣል፤ እስከዚያ ድረስ ለመዳፉ አንድ መስመር እንዳይጽፉ። ቃል ይግቡልኝ።

*

የካቲት 1 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ቃል ግባ ብለሻል፤ ገብቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ነው የሚጸናው። ሕግ ወደ ኋላ አይሠራም፤ ይህንን አንቺም ታውቂያለሽ።

እንግዲህ ያለፈውን ልናዘዝ። እኔም የመዳፉ አባል ነኝ፤ ከጡረታዬ ላይ ይቆርጣሉ። በእግሬ ሄጄ ቅጽ ሞላሁ። ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ወደዚያ ከተማ ሄጄ ልከርም ነው፣ ወደ ሽማግሌው ሐኪም ላኩኝ አልኩ። ለሕያው ሐኪም ሦስት ሳምንት የሚፈጅባቸው መልስ ለሟች በማግሥቱ መጣ፦ «ጥያቄዎ ጸድቋል። ሐኪሙ አዲስ ታካሚ እየተቀበሉ ነው።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ለአክስትሽ አነበብኩላት። «እኛም አንድ ቀን መሄዳችን አይቀርም፤ ቀጠሮውን አትሰርዘው» አለች።

ከሦስት ቀን በኋላ ቅሬታ አስገባሁ፤ ሐኪሙ አይመልሱልኝም ብዬ። መልሱ ይኸውልሽ፦ «ወደ ሐኪሙ ቢሮ ደውለን ለአገልግሎት ዝግጁ መሆናቸውን አረጋግጠናል።» አረጋግጠዋል! እኛ ሐዘን ተቀመጥን፣ ቀበርን፣ አራት ዓመት አለቀስን፤ እነርሱ አንድ ስልክ ደውለው ሰውየውን አስነሱት። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እንሰማ ነበር፤ መዳፉ ግን በሰማይ ሐኪም አለው፣ ከእነ ስልክ ቁጥሩ።

ቀጥሎ የእርካታ መጠይቅ ላኩልኝ። «ከሐኪሙ ጋር ስንት ደቂቃ ቆዩ?» ይላል። ዜሮ ብዬ ሞላሁ። ከአሥራ ሁለት በታች ስለሆነ ደስ ሳይላቸው አልቀረም። በዝርዝራቸው ላይ የሁለታችሁንም ነጥብ አየሁ። ሟቹ ከአምስት አራት ነጥብ ስምንት ናቸው፤ አንቺ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ። አትቆጪ። እሳቸው ሰው አያስጠብቁም፣ ውድ መድኃኒት አያዙም፣ ከመዳፉ ጋር አይከራከሩም። እነዚህ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን የፈለጉትን ሐኪም አግኝተዋል፤ አንቺን የሚጠሉሽ ስለምትተነፍሺ ነው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እዚያ ቤት ሞኙም ወረቀቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚሠሩት።

ጡሩንባ እንዴት ነው? የቀልዱን ግማሽ ላኪልኝና እኔ ልጨርሰው።

*

የካቲት 11 ቀን

ለጋሼ፤

ዛሬ ሰላም የምለው አክስቴንና ድመቷን ብቻ ነው።

መዳፉ ያስገቡትን ሁሉ ከእኔ ፋይል ጋር አያይዞ ለኮሚቴው ልኮታል። «በሐኪሟ የቅርብ ዘመድ የተቀነባበረ የማታለል ሙከራ» ይላል ርዕሱ። እንዴት አወቁ ብለው እንዳይጠይቁኝ። ቅጹ ላይ «በአስቸኳይ ጊዜ የሚጠራ ሰው» በሚለው ቦታ ማንን ጻፉ ጋሼ? እኔን። አጠገቡም «የእህቴ ልጅ፣ ራሷም ሐኪም ናት» ብለው አሰመሩበት። ሁለት ጊዜ።

መቆጣት ፈልጌ ያንን መስመር ሳይ ቁጣዬ ጠፋብኝ፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ማንን ሊጽፉ ነበር?

ጣጣው በዚህ አላበቃም። ትናንት ክሊኒኩ በር ላይ በአደራ ደብዳቤ መጣ፤ ለሽማግሌው። አባልን ባለማስተናገድዎ በሠላሳ ቀን ውስጥ በአካል ቀርበው ካላስረዱ የውል ግንኙነትዎ ይቋረጣል ይላል። በአካል! መልእክተኛው ይፈርሙ ቢለኝ ስለ እሳቸው ሆኜ ፈረምኩ። ሳቄ ሲያልቅ አንድ ነገር ገባኝ። ለሟቹ ምክንያት ሰጥተዋቸዋል፤ ቀርበው እንዲያስረዱም ጠርተዋቸዋል። እኔን ማን ጠራኝ?

ሁለት ሳምንት የደበቅኩዎት ነገርም አለ። ከመዳፉ አንድ ሰው መጥቶ ነበር። ጫማው ንጹሕ፣ አፉ ከጫማው የለሰለሰ። ወረቀት ዘረጋልኝ። ይግባኙን ልተው፣ አንድን ሕመምተኛ ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በላይ ላላቆይ ልፈርም፤ ውሌ እንደነበረ ይቀጥላል።

«ዶክተር፣ ማን ሰዓት ይይዝብዎታል? ፈርመው ይገላገሉ» አለኝ።

«ሰዓት ካልያዛችሁ ሠላሳ አንዱን ከየት አመጣችሁት?» አልኩት።

ጫማውን አየ። ከዚያ «እኔ መልእክተኛ ነኝ» አለ። እዚያ ቤት ሁሉም መልእክተኛ ነው፤ ላኪውን ያየ የለም።

አልፈረምኩም። ወረቀቱንም አልመለስኩለትም። ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ፋብሪካው በር ላይ ወሬው ደርሷል፤ ጠዋት ጡሩንባ «ዶክተር፣ አሥራ ሁለት ደቂቃም ከምንም ይሻላል፣ እኔ ቶሎ ቶሎ አወራልሻለሁ» አለኝ። ይህን ለማለት ሁለት ጊዜ ቆመ።

እርስዎ ቢሆኑ ይፈርሙ ነበር? ቀልድ እንዳይልኩልኝ።

*

የካቲት 18 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ይቅርታ። ከዚህ በላይ ቃሉን ባስረዝመው ቀልድ ይገባበታል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ላቁም። ያንን ሳጥን ስሞላ ቀና ብዬ እንኳ አላሰብኩም። እጄ ራሱ ጻፈው።

ለጠየቅሽኝ ልመልስ። አንድ ጊዜ ፈርሜያለሁ። አንቺ ገና አልተወለድሽም። የአንድ ሕንፃ አስተዳዳሪ የሊፍቱን ገመድ ምርመራ በሩብ ሰዓት ጨርስ አለኝ፤ በደንብ ከታየ ግማሽ ቀን የሚወስድ ሥራ ነው። «ገመዱን ማን ያየዋል? ፊርማውን ነው የሚያዩት» አለኝ። ልጆች ነበሩኝ። ፈረምኩ። ማንም አልሞተም፤ አትደንግጪ፤ ገመዱም ደህና ነበር። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያ ሕንፃ ስገባ በደረጃ ነበር የምወጣው። ዘጠኝ ፎቅ፣ ከእነ መሣሪያ ሳጥኔ። ሰዎች ባዩኝ ቁጥር «ሊፍት ጠጋኙ በደረጃ!» እያሉ ይስቁ ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ፈርሚ ወይም አትፈርሚ አልልሽም። ከፈረምሽ ማንም አይፈርድብሽም፤ «ከምንም ይሻላል» ያለሽ ራሱ ጡሩንባ ነው፣ እሱ ደግሞ ትክክል ነው። ካልፈረምሽም ያ ሁሉ ሰው አውቶቡስ ላይ ሊወጣ ይችላል፤ ይህንንም አልሸፍንልሽም። እኔ የማውቀው አንዱን ብቻ ነው። ደረጃውን የምትወጪው አንቺ ነሽ።

መዳፉን በተመለከተ ንቀቴ እንደነበረ ነው፤ እንዲያውም ወልዷል። አንድ ጊዜ ከላይ ፎቅ ያሉ አለቆቻቸው ሊፍት ውስጥ ተዘግቶባቸው አርባ ደቂቃ ቆይተው ነበር። በሩን ስከፍት የመጀመሪያው ያለኝ «ማን ነው ለዚህ ተጠያቂው?» ነው። አመሰግናለሁ ያለኝ ሻይ የያዘው አስተናጋጅ ብቻ ነበር። አርባ ደቂቃ ሙሉ አንድ ላይ ተዘግተው ተጠያቂ ሲፈልጉ ነበር እንጂ የአደጋ ደወሉን የተጫነ አልነበረም። ደወሉ ደግሞ ቀይ ነው፤ የሕፃን ራስ ያህላል።

ሰላም እንኳ ባትይኝ ጻፊልኝ።

*

የካቲት 25 ቀን

ለጋሼ፤

ሰላም ለእርስዎ፤ አስቀድሜ።

ወረቀቱን መለስኩት። የፊርማው ቦታ ባዶ ነው። ቁጣ አልጻፍኩበትም፤ ቁጣዬን ፋይል ያደርጉብኛል። ጡሩንባን ነገርኩት። «እንግዲያውስ ቀስ ብዬ ላውራ» አለ። አራተኛው በር ላይ ደረስን። ዓምና ሰባት፣ ጥር ላይ አምስት፣ አሁን አራት። መድኃኒቱን ለውጬለታለሁ፤ በየሳምንቱ ላየው ይገባል። የአንድ ቀን አውቶቡስ ይህ ሰው አይችልም። ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑ ሳይሆን ለምን እንዳልፈረምኩ ራሴ እንዳልረሳው ነው፤ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ኖሮ አራተኛውን በር አላየውም ነበር።

አሁን መጥፎው ዜና። በሽማግሌው ነገር ሳቁ ወደ ላይኛው ፎቅ ስለደረሰ መዳፉ መልሱን ለውጧል። ሐኪሙ መሞታቸውን አምነናል ይላሉ። ዝርዝሩ ላይ የቆዩት በአንድ ሠራተኛ ቸልተኝነት ነው፤ ሠራተኛው ሳያጣራ «ተረጋግጧል» እያለ ምልክት ሲያደርግ ኖሯል፤ እርምጃ ተወስዷል። ድርጅቱ ግን ታኅሣሥ ላይ ውሌን ሲያቋርጥ ሞታቸውን አያውቅም ነበር፤ በቅን ልቦና ነው የሠራው፤ ስለዚህ ማቋረጡ ይጸናል። ጠበቃዬ እንዳለው ኮሚቴው ይህን ይቀበላል፤ ከታኅሣሥ በፊት ማወቃቸውን በወረቀት ካላሳየን በቀር። እኔ በሞቱ ሰሞን በስልክ ነግሬያቸው ነበር። ስልክ ወረቀት አይደለም።

ቅን ልቦና! ቅንነት እዚያ ቤት የሚገኘው ጥፋት ሲገኝ ብቻ ነው።

ኮሚቴው የሚቀመጠው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ልመጣ ነው፤ መጋቢት 4 ማታ እርስዎ ጋ አድራለሁ። ምንም ዓይነት ዝግጅት እንዳያደርጉ። ኮሚቴው ፊትም እንዳይመጡ። ቤት ቁጭ ይበሉ፣ ብሸነፍም ባሸንፍም ስመለስ በሩን ይክፈቱልኝ።

*

የካቲት 30 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ይህ ደብዳቤ ከአንቺ ጋር መንገድ ላይ ይተላለፍ ይሆናል፤ ቢሆንም ለአውቶቡስ ሾፌሩ እሰጠዋለሁ። ፈጥኖ ይደርሳል፤ ከመዳፉ ይልቅ እሱ ይታመናል።

አልመጣም። ቤት ቁጭ እላለሁ። ኮሚቴው ያለበትን ፎቅ ሊፍት በስንት ደቂቃ ማቆም እንደሚቻል ብነግርሽ ደስ ባለኝ፤ ግን ቃል ገብቻለሁ፤ ይኸኛው ደግሞ ወደ ኋላም ይሠራል። አልጋሽን አክስትሽ አንጥፋለች። ድመቷን አስለቅቀናታል።

«ስለ ሠራተኛው ምን ይላሉ?» ብለሻል በኅዳግ ላይ። ምን እላለሁ? ያንን ሰው እዚህ ተቀምጬ ይታየኛል። ሆዱ ጠረጴዛውን የሚነካ፣ ከምሳ በኋላ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው «ተረጋግጧል፣ ተረጋግጧል» እያለ ምልክት የሚያደርግ። ሰነፍ ለመሆን እንኳ የሰነፈ። አንድ ሰው ሞቶ አራት ዓመት ሙሉ ደህና ነው ለማለት ምን ያህል መተኛት ያስፈልጋል? እርምጃ ተወሰደበት ሲሉኝ አላዘንኩም። እንዲያውም ቢያገኘኝ አንድ ነገር እጠይቀው ነበር፦ ወንድሜ፣ ስልኩን ማን አነሳልህ? ድምፃቸው እንዴት ነበር? እዚያስ ብርዱ

በር ተንኳኳ። እኔ አልሰማሁም፤ አክስትሽ ናት የነገረችኝ። እንግዳ አልጠራንም።

እሺ። ተመልሻለሁ፤ ግን ብዙ አልጽፍም።

ሴት ናት። አርባዎቹ ውስጥ ትሆናለች። ቀጭን፣ ካፖርቷ እስከ አገጯ የተቆለፈ፣ ወፍራም የወረቀት ቦርሳ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ የያዘች። ደረጃውን በእግሯ ነው የወጣችው፤ የሕንፃችን ሊፍት ደግሞ ደህና ነው።

«ለሞተ ሰው ቀጠሮ የጠየቁት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«ነኝ» አልኩ፤ ጥርሴ ለሳቅ ተዘጋጅቶ ነበር።

«እኔ ነኝ የሰጠሁዎት።»

አክስትሽ ግቢ አለቻት። ገባች፤ አልተቀመጠችም። አድራሻችንን ከቅጼ ላይ ገልብጣው ነው የመጣችው። አሥራ ሁለት ዓመት እዚያ ሠርታለች፤ ባለፈው ሳምንት ሰኞ ጠረጴዛዋን አስረክቢ አሏት።

«መሞታቸውን ታውቅ ነበር፣ በሉልኝ» አለች። «ሌላ የምፈልገው የለም። ሦስት ጊዜ ጽፌላቸዋለሁ። በሁለተኛው ከጋዜጣ ላይ የሐዘን መግለጫውን ቆርጬ አያያዝኩ።»

«ምን አሉሽ ልጄ?»

«ሁለቱን አልመለሱም። ሦስተኛውን ሲመልሱ ከሥሩ ጻፉበት። ‹ሐኪሙ ራሳቸው ካልጠየቁ አይሰረዙም። በየሦስት ወሩ እየደወልሽ አረጋግጪ።› ስልኩ ከጠራ ምልክት አድርጊ ነው ትእዛዙ። እደውላለሁ፤ ይጠራል። መጥራቱን አረጋግጣለሁ።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረች፤ አክስትሽ በጆሮዬ ደገመችልኝ። «በየሦስት ወሩ ሲጠራ እሰማው ነበር። እስኪቆም ድረስ አልዘጋውም።»

ማንም የማያነሳው የሽማግሌው ስልክ ክሊኒኩ ውስጥ የትኛው እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣችው። ቅጂ ነው፤ ቀኑ የዓምና ሰኔ ነው። ከሥሩ በእጅ የተጻፈው እንዳለችው ነው። ፊርማውን ያንቺን ውል ካቋረጠው ደብዳቤ ጋር ጎን ለጎን አደረግኩት፤ የአንድ ሰው እጅ ነው። ጅራቷ እንኳ አልተለወጠችም።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ዳዋዋ ሳሎኔ መካከል ቆማለች፤ ከአይጦቹ ጋር ጨምሬ የመታኋት እኔ ነኝ።

«የእርስዎ ደብዳቤ ባይመጣ ዛሬም ሥራዬ ላይ ነበርኩ» አለችኝ። ክስ አልነበረም፤ እንደ ቀን መቁጠሪያ ነው ያነበበችው። ቀልድ ፈለግኩ። ስልሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ያላጣሁትን ነገር አጣሁት።

«ይህ ለእህትዎ ልጅ ይጠቅማል?»

«ይጠቅማል።»

«ኮሚቴው ፊት ከተነበበ በዚህ ሙያ ሌላ ቦታ የሚቀጥረኝ ይኖራል?»

መዋሸት እችል ነበር፤ ስሠራበት የኖርኩት ነው። «አይኖርም ልጄ» አልኳት።

አንገቷን ነቀነቀች፤ ዋጋውን ቀድሞ እንደሚያውቅ ሰው። አሁን ካፖርቷን አውልቃ ከእኔ ፊት ለፊት ወንበር ሳበች። ቅጂው ብቻውን አይበቃም፣ ሦስቱንም በየቀናቸው በራሴ እጅ ጽፌ ልፈርምበት አለች። አክስትሽ ወረቀት ሰጥታታለች። እዚህ ቤት ግን የሚጽፍ እስክሪብቶ ይህ አንድ ብቻ ነው፤ እሷም እጇን ዘርግታ እየጠበቀችኝ